ዝም የማያሰኝ ጥናት፦ ለወጣቶች የመጽሐፍ ቅዱስ ማጥኛ አመራረጥና አዘገጃጀት

ቅዳሜ ከሰዓት፣ 9 ሰዓት። አሥራ ሁለት ወጣቶች ክብ ሠርተው ተቀምጠዋል። አስጠኚው ወረቀቱን አየት ያደርግና «እምነት ማለት ምን ማለት ነው?» ይላል። ዝም። «እስቲ አንድ ሰው?» አሁንም ዝም። በመጨረሻ ሁልጊዜ የምትመልሰው ልጅ ትመልሳለች። ከዚያ አስጠኚው አርባ ደቂቃ ይሰብካል፣ ይጸለያል፣ ሻይ ይጠጣል። በሚቀጥለው ቅዳሜ አሥራ ሁለቱ ሰባት ሆነው ይመጣሉ።

እንዲህ ሲሆን «የዘንድሮ ልጆች ከስልክ በቀር የሚወዱት ነገር የለም» ማለት ይቀናናል። አብዛኛውን ጊዜ ግን ጥፋቱ ወረቀቱ ላይ ነው። ጥናት የተባለው ነገር የጥያቄ ምልክት የተለጠፈበት ስብከት ሆኖ ይገኛል። እኔም መጀመሪያ ያዘጋጀሁት ጥናት 23 ጥያቄ ነበረው። ስድስተኛው ላይ ጊዜው አለቀ። የቀረውን «ቤታችሁ ሥሩት» አልኩ። አንድም ሰው አልሠራውም፤ እኔም አልሠራሁትም።

የምጽፈው በወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት ያሉ የወጣት ኅብረቶችን እያሰብኩ ነው። በኦርቶዶክስ ሰንበት ትምህርት ቤት የምታገለግሉ ከሆነ የቤተ ክርስቲያኗ ሥርዓተ ትምህርትና ትርጓሜ ስላለ መነሻችሁ እሱ ይሁን። ስለ ጥያቄ አወጣጥና ስለ ሙከራ ያለው ክፍል ግን ለእናንተም ይሠራል።

1. መጀመሪያ ሰዎቹን ጻፉ

ማጥኛ ፍለጋ ቴሌግራም ከመግባታችሁ በፊት አንድ ባዶ ወረቀት ያዙ። እነዚህን መልሱበት፦

ስንት ናቸው? ከአሥር ከበለጡ ለሁለት ክፈሏቸውና ሁለት አስጠኚ መድቡ። በሃያ አምስት ሰው መካከል የሚናገሩት አራት ናቸው።

ዕድሜያቸው ስንት ነው? የ7ኛ ክፍል ልጅና የዩኒቨርሲቲ ተማሪ አንድ ላይ አታስጠኑ። ትንሹ ያፍራል፣ ትልቁ ይሰለቻል።

የትኛውን መጽሐፍ ቅዱስ ይዘው ይመጣሉ? የ1954ቱን? አዲሱን መደበኛ ትርጉም? ወይስ ስልክ ላይ ያለውን? ጥያቄያችሁ በአንድ ቃል ላይ የቆመ ከሆነና ግማሾቹ የያዙት ትርጉም ሌላ ቃል ከተጠቀመ ሰዓቱ በንትርክ ያልቃል።

እውነተኛው ሰዓት ስንት ነው? ፕሮግራሙ ሁለት ሰዓት ቢባልም መዝሙሩን፣ ማስታወቂያውንና የሚያረፍደውን ቀንሱ። ለጥናት የሚተርፈው ብዙውን ጊዜ ከ50 እስከ 60 ደቂቃ ነው። የምታዘጋጁት ለዚያ ነው።

ማስጠንቀቂያ፦ ተራ በተራ አታስነብቡ። አማርኛ አቀላጥፎ የማያነብ ልጅ በየቡድኑ አለ። በሌላ ቋንቋ የተማረ ሊሆን ይችላል፤ እንግሊዝኛ ብቻ የለመደም ሊሆን ይችላል። በዋሽንግተንና በአካባቢዋ ባሉ የሐበሻ አብያተ ክርስቲያናት ደግሞ ይሄ የአብዛኞቹ ልጆች ጉዳይ ነው። ተራው እስኪደርሰው ቁጥር እየቆጠረ የሚንቀጠቀጥ ልጅ ምንባቡን አይሰማም። ፈቃደኛ አስነብቡ።

2. ምን እንደሚጠና ወስኑ

ምክሬ አጭር ነው፦ በመጽሐፍ ጀምሩ፣ በርዕስ አትጀምሩ። «ፍቅርና መጠናናት» የሚል ርዕስ ወንበር ይሞላል፤ እውነት ነው። ግን በርዕስ ጥናት ላይ ጥቅሶቹን የመረጠው አዘጋጁ ነው። ወጣቱ የሚያየው አዘጋጁ ያሳየውን ብቻ ነው። በመጽሐፍ ጥናት ግን ያልጠበቃችሁት ቁጥር ራሱ ይመጣል።

ለአዲስ ቡድን ዮናስን እመርጣለሁ። አራት ምዕራፍ፣ 48 ቁጥር ነው፤ በአራት ሳምንት ያልቃል። ቀጥሎ ሩት፤ እሷም አራት ምዕራፍ ናት። ፊልጵስዩስ አራት ምዕራፍ ብትሆንም ሐሳቧ የታመቀ ስለሆነ ስምንት ሳምንት ስጧት። የማርቆስን 16 ምዕራፎች አንድ ላይ ለመዋጥ አትሞክሩ፤ ቆርጣችሁ ውሰዱ። ራእይን ለመጀመሪያ ጥናት አትምረጡ። ልጆቹ ይጠይቋችኋል፣ ይወተውቷችኋል፤ እናንተ ግን እንቢ በሉ።

ከዚያ የትምህርት ካሌንደሩን አውጡ። ሚድና ፋይናል የሚወድቁባቸውን ሳምንታት፣ የ12ኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተናን፣ በዓላትን አክብቡ። በእነዚያ ሳምንታት አዲስ ክፍል አትጀምሩ። ስምንት ሳምንት ካላችሁ ስድስት ጥናት አቅዱ። ሁለቱ ይበላሻሉ፤ ሁልጊዜም ይበላሻሉ።

3. የተዘጋጀ ማጥኛ ስትመርጡ

ሁሉንም ራሳችሁ መጻፍ የለባችሁም። ግን ከመቀበላችሁ በፊት እነዚህን ፈተናዎች አሳልፉት።

የጣት ፈተና። አንድ ትምህርት ውሰዱ። ለእያንዳንዱ ጥያቄ መልሱን ምንባቡ ውስጥ ፈልጋችሁ ጣታችሁን ቁጥሩ ላይ አድርጉ። ጣታችሁ የሚያርፍበት ካጣ ጥያቄው የጠቅላላ እውቀት ጥያቄ ነው። ከግማሽ በላይ ጥያቄዎች እንዲህ ከሆኑ ማጥኛውን መልሱት።

የዙሪያ ፈተና። የተጠቀሱ ሦስት ጥቅሶችን አውጡ። ከእያንዳንዱ በፊትና በኋላ አምስት አምስት ቁጥር አንብቡ። ጥቅሱ ማጥኛው እንዳለው ነው የሚለው? ፊልጵስዩስ 4፥13ን እንይ፦ «ኃይልን በሚሰጠኝ በክርስቶስ ሁሉን እችላለሁ።» በፈተና ሰሞን ለማለፍ እንደ ዋስትና ይጠቀሳል። ቁጥር 11ና 12 ግን ስለ መራብና ስለ መጥገብ፣ ባለው ኑሮ ይበቃኛል ስለማለት ነው የሚያወሩት። ጸሐፊውም እስራት ላይ ነው። ኤርምያስ 29፥11ም እንዲሁ። «የሰላም አሳብ ነው እንጂ የክፉ ነገር አይደለም» የሚለው ለምረቃ ካርድ ተወዳጅ ነው። አንድ ቁጥር ወደ ላይ ከፍ ስትሉ ግን 70 ዓመት በባቢሎን የሚል ታገኛላችሁ። እነዚህን ሁለቱን ያለ ዙሪያቸው የሚጠቅስ ማጥኛ ሌላውንም እንዲሁ ሳያደርግ አይቀርም።

የባለቤት ፈተና። ማን አዘጋጀው? የየትኛው ቤተ እምነት ነው? ስም የሌለው ፒዲኤፍ ከቴሌግራም አውርዳችሁ አታባዙ። የታወቀ ከሆነም ፈቃድ ጠይቁ። «ለአገልግሎት ስለሆነ ችግር የለውም» አይባልም፤ ያዘጋጀውም ሰው ደክሞበታል። ከዚያ ለመጋቢው ወይም ወጣቶችን ለሚከታተለው ሽማግሌ ስጡ። ጥናቱ ከተጀመረ በኋላ ሳይሆን ከሁለት ሳምንት በፊት ስጧቸው። የቸኮለ ሽማግሌ ሳያነብ «ጥሩ ነው» ይላል።

በቻትጂፒቲ የተዘጋጀ ከሆነ ደግሞ እያንዳንዱን ጥቅስ ራሳችሁ ግለጡ። አንዳንዴ ምዕራፉ ትክክል ሆኖ ቁጥሩ ሌላ ነው። አንዳንዴ ጥቅሱ የሚባለው ነገር የትም የለም።

4. የተተረጎመ ከሆነ

በአንድ ወቅት ስለ ምስጋና የሚያወራ የተተረጎመ ጥናት አስጠንቼ ነበር። መግቢያው «ቤተሰቡ ተሰብስቦ ቱርክ ሲጠብስ» ይላል፤ ተርኪ የሚባለውን ትልቅ ዶሮ መሰል ወፍ ማለቱ ነው። ከኋላ አንዱ «ቱርክ ምን አድርጋቸው ነው?» አለ። እስኪያልቅ ድረስ ሳቁ አልቆመም። ስለ ምስጋና የተማረ ሰው የለም።

ስለዚህ ማብራሪያውን እንጂ ምንባቡን ሳትነኩ ይህን አድርጉ፦

ምሳሌዎቹን በሙሉ በቀይ አስምሩ። የእኛ ልጆች ያልኖሩትን አውጡና በሚያውቁት ተኩ። የሠርግ ድግስ፣ የኮንዶሚኒየም ዕጣ፣ የታክሲ ሰልፍ፣ የቤት ኪራይ አለ። ምሳሌ ካልመጣላችሁ ዝም ብላችሁ ሰርዙት፤ ያለ ምሳሌ የሚሄድ ጥናት ብዙ አለ።

ጥቅሶቹን ከእንግሊዝኛ አትተርጉሙ። ከአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ በቀጥታ ገልብጡ።

የመዝሙር ቁጥሮችን አረጋግጡ። «እግዚአብሔር እረኛዬ ነው» የሚለው ባለ 66ቱን መጽሐፍ ቅዱስ በያዙት ዘንድ መዝሙር 23 ነው፤ በኦርቶዶክስ አቆጣጠር 22 ነው። ከኦርቶዶክስ ቤት የመጣ ልጅ የቤተሰቡን መጽሐፍ ቅዱስ ይዞ ሲመጣ ሌላ መዝሙር ገልጦ ይቀመጣል።

5. ራሳችሁ ስታዘጋጁ

እዚህ ላይ እንቆይ። ማርቆስ 4፥35–41ን፣ የማዕበሉን ታሪክ፣ እንደ ምሳሌ እንሥራው።

ሀ. ምንባቡን ቁረጡ። ለአንድ ሰዓት ከ7 እስከ 15 ቁጥር ይበቃል። ታሪክ ከሆነ ታሪኩ በሚያልቅበት ቁረጡ። የእኛው ሰባት ቁጥር ነው፤ ይበቃል።

ለ. ምንም ማብራሪያ ሳትከፍቱ አምስት ጊዜ አንብቡ። ቢያንስ በሁለት ትርጉም ይሁን። አንዱን ጊዜ ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ አንብቡ። የገረማችሁን ሁሉ ጻፉ። እኔ የጻፍኩት ይህ ነበር፦ ሰዓቱ መሽቷል። ሌሎች ታንኳዎችም አብረው ነበሩ። ትራስ ነበረ። ደቀ መዛሙርቱ ያሉት «አድነን» አይደለም፤ «መምህር ሆይ፥ ስንጠፋ አይገድህምን?» ነው። የሁሉም ሁሉ የገረመኝ ደግሞ ማዕበሉ ጸጥ ካለ በኋላ «እጅግም ፈሩ» መባሉ ነው። ሰው አደጋው ሲያልፍ እፎይ ይላል እንጂ ይፈራል?

ሐ. ዋናውን ሐሳብ በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ። ካልቻላችሁ ጥያቄ ማውጣት አትጀምሩ፤ ወደ ለ ተመለሱ። የእኔ፦ «ደቀ መዛሙርቱ ከማዕበሉ ይልቅ ማዕበሉን የሚያዝዘው ማን እንደሆነ ሲያዩ ይበልጥ ፈሩ።»

መ. አሁን ማብራሪያ ክፈቱ። ከዚህ በፊት ከከፈታችሁት የሌላ ሰው ጥያቄ ነው የምትጽፉት።

ሠ. ጥያቄ አውጡ። ቅደም ተከተሉ ምልከታ፣ ትርጓሜ፣ ተዛምዶ ነው። ምን ይላል? ምን ማለት ነው? እኔስ? ከሰባት አትለፉ። የእኔ ወረቀት ይህን ይመስላል፦

1) በቁጥር 35 «ወደ ማዶ እንሻገር» ያለው ማን ነው? ሰዓቱስ?
2) ከቁጥር 36 እስከ 38 ታንኳው ውስጥ ብትሆኑ ምን ታያላችሁ? ምን ትሰማላችሁ?
3) ደቀ መዛሙርቱ ምን ብለው ቀሰቀሱት? ያንኑ በእናንተ አነጋገር ተናገሩት።
4) ማርቆስ 1፥16–20ን አንብቡ። የአንዳንዶቹ ሥራ ምን ነበር? ታዲያ እነሱ መፍራታቸው ስለ ማዕበሉ ምን ይነግረናል?
5) በቁጥር 41፣ ጸጥ ካለ በኋላ ምን ሆኑ? ለምን ይመስላችኋል?
6) ታሪኩ የሚያበቃው «ይህ ማን ነው?» በሚል ጥያቄ ነው። ከእነዚህ ሰባት ቁጥሮች ብቻ ተነሥታችሁ መልሱ።
7) እናንተስ «አይገድህምን?» ብላችሁ እግዚአብሔርን የምትጠይቁበት ነገር አለ? በወረቀቱ ጀርባ ጻፉት። ማንበብ ግዴታ አይደለም።

ሦስተኛውን ጥያቄ አትዝለሉት። «አይገድህምን» የሚለው የመጽሐፍ ቋንቋ ስለሆነ ሳይነካቸው ያልፋል። አንዷ «ግድ የለህም እንዴ?» ስትል፣ ሌላው «እኛ እያለቅን አንተ ትተኛለህ?» ሲል ግን ክፍሉ ውስጥ የሆነ ነገር ይለወጣል።

ማስጠንቀቂያ፦ «የእናንተ ማዕበል ምንድን ነው?» ብላችሁ አትጀምሩ። የዚህ ምንባብ ታዋቂ ወጥመድ ይሄ ነው። ታሪኩን ዘላችሁ ራሳችሁ ጋ ትደርሳላችሁ። «ካመናችሁ ማዕበሉ ይቆማል» ብላችሁም አትጻፉ። ምንባቡ እንዲህ አይልም። አባቱን ባለፈው ወር የቀበረ ልጅ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ይሰማችኋል።

6. መጥፎ ጥያቄን አጥፉ

ረቂቁን ስትጨርሱ አንድ ቀን አሳድሩት። ከዚያ እነዚህን እያደናችሁ ሰርዙ።

በ«አዎ» የሚያልቅ፦ «ኢየሱስ ኃይል አለው?» እንዲህ አድርጉት፦ «ነፋሱ ምን ሲባል ቆመ?»

መልሱ የሚታወቅ፦ «በችግር ጊዜ ምን ማድረግ አለብን?» ሁሉም «መጸለይ» ይላል። ማንም ሳያነብ የሚመልሰውን ጥያቄ ጣሉት።

ሁለት ሦስት ጥያቄ የተቆላለፈበት፦ «ለምን ፈሩ፣ እኛስ ለምን እንፈራለን፣ መፍትሔውስ?» ልጁ የትኛውን ይመልስ? ለያዩት።

እናጋልጣችሁ የሚል፦ «ከመካከላችሁ በዝሙት የወደቀ አለ?» በፍጹም አይጠየቅም።

7. በሁለት ሰው ሞክሩት

ይህን ደረጃ ሁሉም ይዘለዋል፤ እኔም ለዓመታት ዘልዬዋለሁ። ከቡድኑ ውጭ የሆነ አንድ ወጣትና አንድ የማያፍራችሁ ጓደኛ ያዙ። ሻይ ቤት ይበቃል። ጥያቄውን አንብቡና ዝም በሉ። «ማለቴ...» ብላችሁ ማብራራት ከጀመራችሁ ጥያቄው አልገባቸውም ማለት ነው፤ እዚያው ቀይሩት። ሰዓት ያዙ። ከሁለት ሰው ጋር 40 ደቂቃ ከወሰደ ከአሥር ሰው ጋር አያልቅም። አንድ ጥያቄ ቀንሱ።

8. ማተም

አንድ A4 ለሁለት እጠፉ። በግራ ሙሉውን ምንባብ አትሙ፤ ሁሉም አንድ ትርጉም ያያል፣ ስልክ መክፈት አያስፈልግም። በቀኝ ጥያቄዎቹን አድርጉ። በየመካከሉ ሁለት ሁለት መስመር ባዶ ተዉ። ፊደሉ ከ12 አይነስ።

ወደ ፎቶ ኮፒ ቤት ፋይሉን በዎርድ አትውሰዱ። በድሮ ዩኒኮድ ያልሆነ የግእዝ ፊደል የተጻፈ ከሆነ እዚያ ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት ቅርጽ የሌለው ምልክት ይሆናል። ፒዲኤፍ አድርጉት። አንድ ቀን ቀደም ብላችሁ አሳትሙ፤ ቅዳሜ ጠዋት መብራት ይጠፋል። ከቡድኑ ቁጥር ሦስት ትርፍ ይኑር።

ለአስጠኚው የተለየ ወረቀት አዘጋጁ። የእያንዳንዱ ጥያቄ ደቂቃ፣ ሊመጡ የሚችሉ መልሶች፣ ጊዜ ካጠረ የሚዘለለው ጥያቄ (ከላይ ባለው ሁለተኛው ነው) ይጻፍበት። ዮናስ ምዕራፍ 1ም ከማዕበሉ ታሪክ ጋር ይመሳሰላል፦ እዚያም ማዕበል አለ፣ የተኛ ሰው አለ፣ ማዕበሉ ከቆመ በኋላ የፈሩ መርከበኞች አሉ። ይህ ግን በአስጠኚው ወረቀት ላይ ብቻ ይቅር። የልጆቹ ወረቀት ላይ ከገባ አስጠኚው ማስተማር ይጀምራል።

9. መሃል ላይ ሲበላሽ

ዝም ካሉ፦ በልባችሁ እስከ 10 ቁጠሩ። ራሳችሁ አትመልሱ። አሁንም ዝም ካሉ «ከጎናችሁ ካለው ጋር ሁለት ደቂቃ ተነጋገሩ» በሉ።

አንድ ሰው ብቻ የሚያወራ ከሆነ፦ «አመሰግናለሁ፤ እስካሁን ያልተናገረ ሰው እንስማ» በሉ። ካልቆመ ከፕሮግራሙ በኋላ ለብቻው አናግሩት። በሰው ፊት አታሳፍሩት።

የተሳሳተ መልስ ከመጣ፦ «ስህተት ነው» አትበሉ። «የትኛው ቁጥር ላይ አየኸው?» በሉ። ግማሹ ራሱ ያርማል።

የማታውቁት ጥያቄ ከመጣ፦ «አላውቅም፣ ለሚቀጥለው ሳምንት አጣርቼ እመጣለሁ» በሉና ጻፉት። እንደምንም መልስ ፈጥራችሁ አትውጡ። በሚቀጥለው ሳምንት መልሱን ሳትይዙ ግን አትምጡ።

ጊዜ ካጠረ፦ ተዛምዶውን አትቁረጡ፤ ከምልከታው ቁረጡ።

አንድ ልጅ ከባድ ነገር ካወራ፣ ቤት ውስጥ እየተደበደበ ወይም እየተደፈረ ከሆነ፦ ጥናቱን በሰላም አቁሙ። «ለማንም አልናገርም» ብላችሁ ቃል አትግቡ፤ የማትጠብቁት ቃል ይሆናል። ያኔውኑ ለብቻ አናግሩትና ኃላፊነት ያለው፣ የጉዳዩ ተጠርጣሪ ያልሆነ አዋቂ ሰው ጋ አብራችሁ ሂዱ። የጸሎት ርዕስ አድርጋችሁ አታስተላልፉት። በደሉ ወንጀል ከሆነ በሽምግልና ጨርሶ መሸፈን አይገባም።

10. ያን ማታ

ወደ ቤት ስትገቡ የአስጠኚውን ወረቀት አውጡ። ዝም ያሰኘውን ጥያቄ ሰርዙ፤ ያነታረከውን ክበቡ። «4ኛው 15 ደቂቃ ፈጀ» ብላችሁ ጻፉ። ነገ ይረሳል። ፋይሉ ላይም ዛሬውኑ አርሙና «ማርቆስ 4 የታረመ» ብላችሁ አስቀምጡት፤ በሚቀጥለው ዓመት ሌላ አስጠኚ ሲጠይቃችሁ ያንን ትሰጡታላችሁ።